ደጅ ጠኚው ዳክዬ

«እንደገና፣ አምስተኛ ሙከራ» ይላል የድምፅ ባለሙያው ከመቅረጫው ክፍል መስተዋት ወዲያ። የሙዚቃው መሪም ሁለት እጆቿን አንሥታ ሃያ ሦስቱን ሙዚቀኞች በዓይኗ ትሰበስባለች።

ከሙዚቀኞቹ ራስ በላይ በተዘረጋው ሸራ ላይ አንድ የካርቱን ዳክዬ በዝናብ በስብሶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደረጃ ይወጣል። ክላርኔቱ እግር በእግር እየተከተለ አብሮት ያነክሳል። ዳክዬው ከበሩ ሲደርስ፣ በስተኋላ ከከበሮዎቹ መካከል የተቀመጠው ወንድሟ እንጨቱን ሦስት ጊዜ ይመታል፦ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ዝምታ ነው። ዝምታው ሁለት ምት ብቻ ይቆያል፤ ወዲያው ከላይኛው መስኮት አንድ ባልዲ ውሃ በዳክዬው ራስ ላይ ይደፋል፤ በዚያችው ቅጽበት የነሐስ ሳህኑ፣ ሲምባሉ፣ መጮኽ አለበት።

ባልዲው ይደፋል። እጇ ግን በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ሲምባሉ የሚጮኸው ዳክዬው ላባውን ማራገፍ ከጀመረ በኋላ ነው።

«ይህ ዳክዬ እኮ ደጅ ሲጠና ጡረታው ሊደርስ ነው!» ይላል ትሮምቦን ነፊው። ቫዮሊኖቹ ከት ብለው ይስቃሉ።

የፊልሙ አዘጋጅ ከመስተዋቱ ክፍል ወጥቶ ይመጣል፤ ትሕትና ያለው፣ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። «እናታችን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ሥዕሉ አይጠብቀንም። ነገ ከእጃችን ይወጣል፤ ከእንግዲህ አንዲት ላባ እንኳ ላንቀሳቅስ አልችልም። ቆጣሪውን በጆሮዎ ላድርግልዎት?»

ሌላውን ሙዚቃ ሁሉ የቀረጹት በጆሮ ማዳመጫ ቀጭ ቀጭ እያለ ጊዜ በሚለካ ቆጣሪ ምት ነው። ይህችን ስፍራ ብቻ ያለ ቆጣሪ እንዲጫወቷት ያዘዘችው፣ ሙዚቃውን የደረሰችው እርሷ ራሷ ናት፤ «ሳቅ ተቆጥሮ አይመጣም» ብላ። አሁን ስሕተቷን ሰው ሁሉ በእርጅና ቢያሳብብላት ትወዳለች።

«ጥቂት ዕረፍት ስጡን፣ ልጄ» ትለዋለች።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ወንድሟ ከስፍራው አይንቀሳቀስም። የሲምባሉን ብሎን የሚያጠብቅ ይመስላል፤ ብሎኑ ግን አልላላም።

«እትዬ፣ በሩ እኮ አይከፈትም። ታሪኩን ከማንም አብልጠሽ ታውቂዋለሽ።»

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጠብቂው?»

የዛሬ ሰባት ዓመት ልጇ ለሙዚቃ ፈተና በቀረበበት ዕለት ቼሎውን ከወንበሩ ላይ አስተኝቶ፣ በቃኝ ብሎ ወጣ። ማታ ልብሱን ሊሰበስብ ሲመጣ፣ «ከዚህ በር ከወጣህ ዳግመኛ እንዳታንኳኳው» አለችው። በሩን አላላተመውም፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃበት እንደሚጠነቀቅ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሏን ተከትላ ደረጃውን ለመውረድ ኩራቷ አልፈቀደላትም።

ከዚያ ወዲህ በሯ በተንኳኳ ቁጥር እጇን በቀሚሷ ትጠርግና ከመዝጊያው ጀርባ ትቆማለች። ፊቷን ታበጃለች፤ ቁጡ እንዳይመስል፣ ደግሞም የተሸነፈ እንዳይመስል። አራት ምት ያህል ይፈጅባታል። ስትከፍት የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ አለዚያም ኳሱ በረንዳዋ ላይ የወደቀበት የጎረቤት ልጅ። ዛሬ በአዳራሹ ውስጥ ክንዷን ያሰናከለው ይኸው አራት ምት ነው።

«የልጁን ነገር አታንሣብኝ» ትላለች፣ ወንድሟ ምንም ሳያነሣ።

«እኔ ምን አነሣሁ? ግን ካልሽው ልንገርሽ። የአንቺው ልጅ ነው፤ አታንኳኳ ተብሏል፣ አያንኳኳም። ብትሞቺ እንኳ ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው የሚያለቅስልሽ።»

«አፍህን ያዝ!»

«እሺ፣ እይዛለሁ። ብቻ አንቺን አታንኳኪ ያለሽ ሰው የለም።»

ሙዚቀኞቹ ይመለሳሉ፤ ወንበር ይንኳኳል፣ ክር ይቃኛል። እርሷ የኖታውን ወረቀት ጠርዝ በጣቷ ስታሻሽ ትቆይና ወደ መስተዋቱ ትዞራለች፦ «ቆጣሪውን ስጡኝ።»

የቆጣሪው ድምፅ ደረቅ ነው፤ ለማንም አያዝንም። ዳክዬው ደረጃውን ይወጣል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ አንድ፣ ሁለት፤ እጇ ይወርዳል። ባልዲውና ሲምባሉ አንድ ሆነው ይወድቃሉ። ከመስተዋቱ ወዲያ ሳቅ ይፈነዳል፤ አዘጋጁ ጭኑን እየመታ፣ «ልክ ገባች! አቤት እናታችን፣ ልክ ገባች!» እያለ ይጮኻል። በሸራው ላይ ዳክዬው ውሃ እያንጠባጠበ ወደ መስኮቱ ቀና ይላል፤ ምስሉም በዚያው ይቆማል።

ለሚቀጥለው ክፍል ሁሉም ገጹን ይገልጣል። እርሷ ግን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ፣ ወረቀቷን ይዛ፣ በቫዮሊኖቹ መካከል አልፋ ከወንድሟ ከበሮዎች ዘንድ ትደርሳለች።

«ቁጥሩን ንገረኝ።»

«የስልኩን?»

«የቤቱን።»

ወንድሟ ኪሱን አይዳብስም፤ በቃሉ ያውቀዋል። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለውን መንገድ፣ ቀዩን ሕንፃ፣ ሦስተኛውን ፎቅ፣ በስተግራ ሁለተኛውን በር እየለየ ይነግራታል። እርሷም ወረቀቱን በከበሮው ቆዳ ላይ ዘርግታ፣ ከመጨረሻው ኖታ በታች በቀሩት አምስት ባዶ መስመሮች ላይ በእርሳስ ትጽፈዋለች። ከበሮው ከእርሳሱ በታች በስሱ ያጉረመርማል።

«በሩ ደወል አለው?» ትላለች ቀና ሳትል።

«የለውም» ይላል ወንድሟ።