የኮሌታው ማይክ

ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል መስማት የተሳናት እሷ ብቻ ነበረች። ለእሷ ሲባል መምህሩ ኮሌታቸው ላይ ትንሽ ማይክ ይሰካሉ፤ የተናገሩት ሁሉ ከሰሌዳው በላይ በተሰቀለው ስክሪን ላይ ወዲያው ይጻፋል። ማይኩ ከመጣ ወዲህ ትምህርቱን ከጓደኞቿ እኩል ትከታተላለች። መምህሩ ግን አልወደዱትም። «ጸሐፊ ቅጠሩልኝ ያለ ማን ነው?» እያሉ ይነጫነጩ ነበር።

ዛሬ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ሆነው ጠሯቸው። መምህሩ ሊያጠፉት የማይኩን ቁልፍ ጫን አድርገው ወጡ፤ በሩንም ዘጉ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ተንሾካሾኩ፤ ኋላ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ።

መምህሩ ሲመለሱ በቀጥታ ሄደው ልጅቷ ፊት ቆሙ። ከንፈራቸውን እንድታነብ ቃላቱን እየጎተቱ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ማሽኑ ተበላሽቷል። ዛሬ ይወሰዳል። አንቺም ከጓደኛሽ ደብተር ትገለብጫለሽ» አሏት።

«አልገለብጥም» አለች። ድምፅዋን ሰምተው የማያውቁ ልጆች ዞር ብለው አዩዋት።

«ምን አልሽ?»

ተነስታ በጣቷ ወደ ስክሪኑ አመለከተች።

«ቲቸር፣ ያንብቡት።»

መምህሩ ዞሩ። «ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚለው ጥርት ብሎ ተጽፏል። ከእሱ በላይ ደግሞ በሩ ተዘግቶ ሳለ ለርእሰ መምህሩ የተናገሩት ተጽፎ ነበር፦

«ለአንዲት ደንቆሮ ብለን አርባ ልጅ አናስቸግርም። ተበላሸ ብለን እናስወስደው።»

«ወይ ጉድ!» አሉ መምህሩ።

ስክሪኑ ይህንንም ጻፈ።