የአባባ ጉድጓድ

ፍሪጁን ከፍታ ከወተቱ ኋላ እጇን ሰደደች፤ ጠርሙሱ የለም። ድስቱን አነሳች፣ የአትክልቱን መሳቢያ ጎተተች፣ እንደገና ከወተቱ ኋላ አየች። ጠዋት ወደ ቤተ ሙከራ ስትወጣ ያስቀመጠችው ራሷ ነች።

«ይሄን ነው የምትፈልጊው?» አሉ አባቷ ከኋላዋ።

መስኮቱ ሥር፣ ማይክሮስኮፗ ካለበት ጠረጴዛ ዳር ተቀምጠዋል። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ከውሃው የቀረው ጥቂት ነው።

«‹የአባባ ጉድጓድ› ብለሽ ጽፈሽበት አየሁ። የቧንቧው ውሃ አልወርድልህ አለኝ ስል የምትሰሚኝ አይመስለኝም ነበር» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

ጽሑፉ የሙያዋ ልማድ ነው፤ ከየት እንደተቀዳ ያልተጻፈበት ናሙና ዋጋ የለውም። ጉድጓዱን የቆፈሩት አባቷ ናቸው፣ እሷ በተወለደችበት ቤት ጓሮ። ቤቱ ሲሸጥ አባቷ ወደ እሷ መጡ፣ ገዢው ደግሞ ጉድጓዱን በጠጠር ደፈነው። ከመደፈኑ በፊት ሄዳ የመጨረሻውን ውሃ ቀድታ ነበር። የቀዳችው ግን ውስጡ ላለው ፍጥረት ብላ ነው፦ ዓይን የሌለው፣ ነጭ፣ ከቁንጫ ያነሰ የሸርጣን ዘመድ፣ እስከ ዛሬ ማንም ስም ያላወጣለት። ሴቶቹን ከዚያው ጉድጓድ አግኝታለች። የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ግን ወንዱን ካላየን አዲስ ዝርያ ነው ብለን አናትምልሽም አሏት። በሕይወት የቀረው ይሄ አንዱ ነው፤ ጎረምሳ ነው፣ ሴት ይሁን ወንድ የሚለየው የመጨረሻ ቅርፊቱን ሲጥል ነው። የቧንቧ ውሃ ስለሚገድለው በገዛ ውሃው ስታኖረው ሰንብታለች።

ጠጡት እንዴ ብላ መጮህ አማራት። ግን እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየቻቸው ቆይታለች። «እስቲ ትንሽ ልየው» ብላ ጠርሙሱን ከእጃቸው ቀስ አድርጋ ወሰደችው።

ከላይ ያለውን ውሃ ጠፍጣፋ የመስታወት ሰሃን ላይ አፍስሳ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች። ከዳር እስከ ዳር አሰሰችው። ያገኘችው ባዶ ቅርፊት ነው፤ እግሩ ሁሉ በቦታው አለ፣ ባለቤቱ ግን አውልቆት ሄዷል። እንግዲህ አድጓል ማለት ነው። የት ሄደ? ሳታስበው የአባቷን ሆድ አየች።

«ምን ጠፋብሽ?»

ነገረቻቸው፤ ጎረምሳውንም፣ ገምጋሚዎቹንም፣ የተደፈነውንም ጉድጓድ። አባቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰሟት።

«ለካ ለእሱ ኖሯል» አሉ ስትጨርስ። ሳቅ አሉ፣ ሳቃቸው ግን ከከንፈራቸው አላለፈም።

ኧረ አይደለም ልትል ፈልጋ ተወችው። አፈረች። ለዚህች ነገር የቧንቧ ውሃ እንዳይጎዳት ስትጨነቅ ከርማ፣ ለአባቷ ግን በየቀኑ ያንኑ እየቀዳች «ይለምዱታል» ስትላቸው ነበር።

የጠርሙሱን ዝቃጭ ወደ ሰሃኑ ስትገለብጥ ጥቂቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የፈሰሰውንም በመምጠጫ ለቅማ ጨመረችው። አሸዋ። አንድ ክር። እንደገና አሸዋ። ከዚያ አሸዋው መሃል የሆነ ነገር ፈንጠር አለ።

አጉልታ አየችው። ራሱ ላይ ያሉት ሁለቱም አንቴናዎቹ እንደ ክርን ታጥፈዋል፤ የሴቶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው።

«ወንድ ነው» አለች።

አባቷ ተነሥተው ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ። «ይሄ ነው ጉድጓዴ ውስጥ የሚኖረው?» ብለው ጠየቁ። አዎ አለቻቸው። «ሐኪሙ ሥጋ ይተው ሲለኝ እሺ ብዬ፣ ለካ በየብርጭቆው ሥጋ ስበላ ነው የኖርኩት።»

ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። ደግሞም ቸኩላለች። አሁኑኑ አልኮል ውስጥ መግባት እንዳለበት፣ በራሱ ጊዜ ከሞተ ፈርሶ እንደሚቀር፣ አካሉ ከሌለ ማንም እንደማያምናት ነገረቻቸው።

«ትንሽ ይቆይ» አሉና እንደገና አጎንብሰው አዩት። ጭንቀቷ ቢገፋፋትም ጠበቀቻቸው። ሲበቃቸው ዞር አሉላት።

በመምጠጫው ሳበችው። ትንሿ ብልቃጥ ውስጥ አልኮሉ ላይ ስትለቀው አንዴ ተወራጨ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ሰመጠ። ቅርፊቱንም ጨምራ ከደነችው። የሰሃኑን ውሃ ወደ ጠርሙሱ መልሳ አባቷ ፊት አስቀመጠች።

«አሁን የእርስዎ ነው።»

በሐዘኔታ ይሁን ከልቧ ለማወቅ ፊቷን አዩ። ከዚያ ጠጡ፣ እያጣጣሙ። ሁለት ጉንጭ ያህል ሲቀር አቁመው ጠርሙሱን ወደ እሷ ገፉት። አንስታ ጨለጠችው። ቀዝቃዛ ነው፤ ምላሷ ላይ የድሮው ባልዲ የብረት ጣዕም ቀረ።

አባቷ ባዶውን ጠርሙስ ተቀበሏት። ‹የአባባ ጉድጓድ› የሚለውን እርጥብ ወረቀት እንዳይቀደድ በጥፍራቸው ከዳሩ እያላቀቁ አነሡት።

«እንኪ፣ ለእሱ ለጥፊለት» አሉ። «ከየት እንደመጣ ይወቁለት።»

ወረቀቱ ለብልቃጧ ሰፊ ነበር፤ ዙሪያዋን ተጠምጥሞ ውስጥ ያለውን ጋረደው። አባቷ እስኪይዝ ድረስ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዙት።