ጎባጣው አለት ሥር ምንም የለም

ልጅቷ የመጣችው ከባሕር ሥር ቀንድ አውጣ የሚለቅሙት ጠላቂዎች ወጥተው እሳት ሲሞቁ ነው። ዘጠኙም ሴቶች የጎማ ልብሳቸውን ገና አላወለቁም። እሷ ነጭ ጫማ አድርጋለች፣ ብብቷ ሥር የተጠቀለለ ካርታ ይዛለች።

«ሱዎን እባላለሁ» አለች ጎንበስ ብላ። «የት የት እንደምትጠልቁ ልጠይቃችሁ ነበር።»

ስኳር ድንች የሚያገላብጡት እጆች ቆሙ።

በዚያች ደሴት ጠላቂ ሴት ዕድሜዋን ትናገር ይሆናል እንጂ የምትጠልቅበትን ቦታ አትናገርም። ለባሏም፣ ለእህቷም። ከዘጠኙ አንዷ የሆነችው ሄራን ራሷ ጎባጣውን አለት ያወቀችው አምና ነው፣ የአማቷ የእማማ ማልሱን ጉልበት ወደ ጥልቁ አልወርድም ብሎ እምቢ ሲል። አለቱ ሥር የተጣበቁት የባሕር ቀንድ አውጣዎች መዳፍ ያህላሉ። ባሏ ሥራ ፍለጋ ዋናው ምድር ከተሻገረ ወዲህ እሷም፣ አማቷም፣ የሰባት ወር ልጇም የሚበሉት ከዚያው ነው። ሌላ ቦታ ጠልቃ ሞክራለች። ይዛ የወጣችው ጉንፋን ብቻ ነው።

ልጅቷ እንደ ሄደች ማልሱን ድንቹን ገመጡና «የነዳጅ ኩባንያው ሰላይ ናት» አሉ።

«በምን አወቁ እማዬ?» አለች ሄራን።

«ጫማዋን አላየሽም? በዚያ ጫማ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ነው።»

በዚያ ወር የመንደሩ ወሬ ሁሉ ነዳጅ ነበር። ኩባንያው ከደሴቷ ፊት ለፊት ባሕሩን ሊቆፍር፣ ነዳጁንም በቧንቧ ወደ የብስ ሊያወጣ ነው። ወንዶቹ ወደቡ ላይ ለሁለት ተከፍለው ይሟገታሉ። ግማሾቹ ሥራ ይመጣል ይላሉ። ጠላቂዎቹ ግን መርከብ ተሰንጥቆ ነዳጅ የፈሰሰበትን ክረምት አልረሱትም። የባሕር ዳሩን ድንጋይ አንድ በአንድ በአሮጌ ልብስ ወልውለውታል።

«እኔ የሠርግ ቀሚሴን ነው የጨረስኩበት» አሉ ቦክሱን፣ የማልሱን እኩያ።

«ሠርጉም ያን ያህል አልነበረም» አሉ ማልሱን።

በማግስቱ ባለሱቋ ልጅቷ ከኩባንያው መኪና ስትወርድ አየኋት አለች። ከዚያ ወዲያ ሙግት አላስፈለገም።

«ጥሩውን ቦታ ካወቁ መጀመሪያ አጥረው የሚወስዱት እሱን ነው» አሉ ማልሱን። «ካርታዋን ታምጣ። እናሳያታለን።»

አሳዩአት። ሁሉም በየተራ ቀይ እስክሪብቶ እየተቀበሉ ጠልቀውበት የማያውቁትን ቦታ አከበቡ። አንዷ አሸዋውን፣ አንዷ ጀልባ የሚታሰርበትን። ቦክሱን ደግሞ የመንደሩ ቆሻሻ ውሃ የሚወርድበትን ጥግ በትልቁ አከበቡ።

«እዚህ ምን ይገኛል?» አለች ሱዎን።

«ኦክቶፐስ» አሉ ቦክሱን ፊታቸው ሳይነቃነቅ። «ሽታውን ይወደዋል።»

ሱዎን ጻፈችው። ሄራን ሳቋን ሕፃኗ አንገት ሥር ደበቀች።

በሦስተኛው ቀን ሱዎን ብቻዋን ሄራን ቤት መጣች። ሄራን ኪምቺ የሚሆነውን ጎመን እያሸች ነበር፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በርበሬ ነው። ሱዎን የምታለቅሰውን ሕፃን ሳትጠየቅ አነሣቻትና አቀፈቻት። ሰላይ እንዲህ ያደርጋል ብላ ሄራን አልጠበቀችም።

«አንድ ነገር ላጣራ ብዬ ነው» አለች ሱዎን። «ጎባጣው አለት አጠገብ አንድም ክብ የለም። ግን ትናንት ጠዋት አንቺን እዚያ ያየሁሽ መሰለኝ።»

ሄራን ጎመኑን ይበልጥ አሸችው።

«ባዶ ድንጋይ ነው» አለች። «እዚያ የምሄደው ከአማቴ ለማረፍ ነው።»

ሱዎን ሳቀች። «እውነት ምንም የለም?»

ሄራን ሕፃኗን አየች። ሕፃኗ የሱዎንን ፀጉር ይዛ አፏ ከታለች፣ ሱዎንም ዝም ብላታለች። ብነግራትስ የሚል ሐሳብ መጣባት። አፏንም ከፍታ ነበር። ከዚያ የኩባንያው መኪና ትዝ አላት።

«ልጄን፣ ምንም የለም» አለች። ወዲያው ምላሷን ነከሰች። በልጅ መማሏ ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ዋለ፤ ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር ግንባሯን ትዳስሳለች።

ሱዎን ግን እዚያው ካርታው ላይ፣ ከአለቱ ጎን ጽፋ ሄዳለች። ሄራን ብዙ አልተማረችም፣ ሱዎን ስትጽፍ በትከሻዋ በኩል ፊደል እየቆጠረች ነበር ያነበበችው። «ምንም የለም» ይላል።

ማልሱን ይህን ሲሰሙ የዓሣውን ወፍራም ቁራጭ አንሥተው ምራታቸው ሳህን ላይ አደረጉላት። «አሁን ገና የዚህ ቤት ሰው ሆንሽ» አሉ።

ቅዳሜ መንደሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሱዎን ፊት ለፊት፣ ከኩባንያው ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች።

«አላልኩሽም?» አሉ ማልሱን ሄራንን በክርናቸው ጎሸም አድርገው።

የኩባንያው ሰው ተነሥቶ ቁፋሮው መፈቀዱን አነበበ። ሰውየው ወረቀቱን አጠፈና ሱዎንን በጎሪጥ አያት።

«የቧንቧውን መንገድ ግን እኚህ ጠበቃ ሦስት ጊዜ አስቀይረውናል» አለ። «ቢሮ አናስገባም ስንላቸው መኪናችን ውስጥ ገብተው ነው የሚሟገቱን።»

«እኔ ነኝ ያስጠራኋት» አለ የመንደሩ ሹም ደረቱን ነፍቶ። «ለእናንተ ብላ በነፃ ነው የመጣችው። ላስደንቃችሁ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኳችሁ።»

ማልሱን የሄራንን ክንድ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

ሱዎን ካርታውን ዘረጋችና ለዘጠኙ ሴቶች ጎንበስ አለች። «ቁፋሮውን ማስቆም አልቻልኩም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «በቀይ ያከበባችሁትን ሁሉ ግን ላይነኩ ፈርመዋል። ቧንቧው የሚያልፈው ሄራን ምንም የለም ብላ በልጇ በማለችልኝ በጎባጣው አለት በኩል ብቻ ነው። አንድ ቀን ቢፈስ እንኳ ከባዶ ድንጋይ በቀር የሚጎዳ የለም።»