የአንዳርጌ ድምፅ

ዓርብ ከሰላት በኋላ ገዳሪፍ ውስጥ ያለው የሙዘይን ሬዲዮ መጠገኛ ለደንበኛ ዝግ ነው። ለፔዳል ሠሪዎች ግን ይከፈታል።

ፔዳል ከጊታሩና ከድምፅ ማጉያው መሀል መሬት ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን ናት። ሲረግጧት የጊታሩን ድምፅ ታሻክረዋለች ወይም ታስተጋባዋለች። ካልረገጧት ድምፁ እንደ ገባ ይወጣል። ገበያ ላይ ስለማትገኝ እነዚህ ሰዎች ከሞተ ሬዲዮ ዕቃ እየነቀሉ፣ ሰርዲን ጣሳ ውስጥ እየበየዱ ራሳቸው ይሠሯታል። ከመካከላቸው ጊታር መጫወት የሚችል የለም። ይህ ግን ከወሬያቸው ምንም አልቀነሰም።

የሁሉም አለቃ አንዳርጌ ነበር። ሥራው የሰሊጥ መጋዘን መጠበቅ ነው። ፔዳል ሠርቶ ሲጨርስ ማንም እንዳይቀዳበት ውስጡን በሙጫ ይደፍነዋል።

“ትራንዚስተሩ ከራሺያ ሬዲዮ ካልወጣ ድምፁ አጥንት የለውም” አለ አንዳርጌ።

“የቻይናውስ?” አለ ባንታምላክ። ባንታምላክ ሪክሻ ነጂ ነው። የሚጠይቀው አንዳርጌ እንዲመልስለት ብቻ ነው።

“የቻይናው ውሃ ውሃ ይላል።”

“እኔንም ውሃ ውሃ ብሎኝ ነበር።”

“አንተ ባለፈው ዓርብ ማር ነው አላልክም?” አለ ሙዘይን የብየዳ ካውያውን እየጠረገ።

“ያኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።”

አራተኛዋ ሐመልማል ናት። ከመተማ ተሻግራ ሦስት ክረምት አረም አርማለች። ብየዳ የተማረችው ከወንድሟ የሞባይል ሱቅ ነው። ብዙ አትናገርም። “ስንት ኦም ነው?” ብላ ትጠይቅና መልሱን መዳፏ ላይ ትጽፋለች። አንዳርጌ ይህን መዳፍ አይወደውም።

“ይቺ ልጅ ወይ ፖሊስ ናት ወይ ሌባ” ይል ነበር፣ እሷ በሌለችበት።

የዛሬው ዓርብ ግን ለወሬ ብቻ አልነበረም። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት በየሰርጉ የሚጫወተው ጊታረኛ ሉጥፊ ይመጣል። ለባንዱ አንድ ፔዳል መርጦ ሠሪውን በድምፅ ሠራተኝነት ሊቀጥር ነው። አንዳርጌ የሚፈልገው ክብሩን ነው። ሐመልማል የምትፈልገው ሥራውን ነው። ካልተመረጠች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ፋው በሚሄደው የአረም ሠራተኞች ሎሪ ትሳፈራለች። ስሟን አስመዝግባለች፤ ጥቅልሏንም ይዛ ነው የመጣችው።

ሉጥፊ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጊታሩን አንግቦ ገባ። መተማ ብዙ ሰርግ ስለተጫወተ አማርኛ ይሞክራል። በጠፍር አልጋው፣ በአንገረቡ ላይ ሲቀመጥ ጀለቢያው እግሩን አልፎ መሬት ነካ። ሙዘይን የአንዳርጌን ፔዳል እግሩ ሥር አስቀምጦ ሽቦውን ሰካ።

“ተፈደል፣ ኡስታዝ” ብሎ ጋበዘው።

ሉጥፊ አንድ የሰርግ ዜማ ተጫወተ።

አንዳርጌ ዓይኑን ጨፈነ። “አጥንቱ ይሰማችኋል?”

“መቅኒው ሳይቀር” አለ ባንታምላክ።

ቀጥሎ የባንታምላክ ፔዳል ተሰካ። ሉጥፊ ያንኑ ዜማ ደገመው።

“ትንሽ ቀጠነ” አለ ሙዘይን።

“ባትሪው ነው” አለ ባንታምላክ። “እኔም ሲቀጥን ሰምቼዋለሁ።”

በመጨረሻ የሐመልማል ተሰካ። ሐመልማል የሠራችው በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ እንዲያወጣ ነበር። ሉጥፊ ዜማውን ጀመረ። የሐመልማል ፊት ጠቆረ። የራሷን ሥራ አላወቀችውም።

አንዳርጌ ከመቀመጫው ተነሣ። “ይሄ የኔ ድምፅ ነው።”

ሙዘይን ሉጥፊን ዜማውን እንዲደግመው ለመነው። ሉጥፊ ደገመው።

“አንድ ናቸው” አለ ሙዘይን ቀስ ብሎ።

“ቁርጥ አንድ” አለ ባንታምላክ።

“ባለፈው ዓርብ ፔዳሌን እዚህ ትቼው ሄጄ ነበር” አለ አንዳርጌ። “መጨረሻ የወጣው ማነው?”

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ” አለች ሐመልማል። “ግን አልነካሁትም። ደሞስ ውስጡ በሙጫ የተደፈነ አይደል? በምን ዓይኔ አየዋለሁ?”

“እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።”

“የኔን ክፈቱት። እኔ ሙጫ አላደረግሁበትም። ሁለቱንም ከፍተን ዕቃውን እናስተያይ።”

“ብከፍትላት ደስ ይላታል” አለ አንዳርጌ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። “ለዚህ አይደል የመጣችው? ጆሮ እያለ መክፈት ምን ያደርጋል?”

ሙዘይን ሐመልማልን አያት። “እስቲ እውነቱን ንገሪን፣ እኅቴ። አንቺስ አንድ ሆኖ አልተሰማሽም?”

ሐመልማል መዋሸት አትችልበትም። “አንድ ነው” አለች። “እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።”

“ኻላስ” አለ አንዳርጌ። “በአፏ አመነች።”

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ሆነ። ሙዘይን ዓርብ ዓርብ እንዳትመጣ ነገራት። ባንታምላክ ጥቅልሏን አንሥቶ በር ላይ አስቀመጠላት። ፔዳሏን ማስረጃ ነው ብለው ያዙባት። ውጭ ሎሪው ጥሩንባውን እየነፋ ነበር። ሐመልማል ወጥታ ሄደች፤ ሎሪውም ወደ ፋው መንገዱን ያዘ።

ሉጥፊ ጠባቸው ምን እንደሆነ በደንብ አልገባውም። ጊታሩን ታቅፎ ቆየ። ሲረጋጉ አንዳርጌን ጨበጠውና የሱን ፔዳል መምረጡን ነገረው። ባንታምላክ አጨበጨበ። አንዳርጌ ድምፅ ሊሰረቅ ቢችልም ጌታውን እንደሚያውቅ ተናገረ። ሙዘይን ፔዳሉን መልሶ ሰካው፤ ሉጥፊ ለምርቃቱ አንድ ጊዜ እንዲጫወትበት ሁሉም ጠየቁት።

ሉጥፊ ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወደ ሳጥኗ ጎንበስ አለ።

“ሙዘይን፣ አሁን የኛ ስለሆነች ልርገጣት?” አለ። “እስካሁን እንዳልሰብርባችሁ ብዬ አንዷንም አልረገጥኩም።”