ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ

«ይሄኛው አይቆጠርም» አልኩት። «በእጅህ ተደገፍክ።»

አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል፤ ቀኝ እጁ ግን ገና ጭኑ ላይ ነው። ስርቆት ላይ እንደተያዘ ሰው ወደ ኋላው ደበቀው።

«ምነው፣ ተነስቼ የለም እንዴ?»

«ተነስተሃል። ያነሳህ ግን እግርህ አይደለም።»

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። የስንት ሰው አባት ከአልጋ አስነስቼ አራምጃለሁ። የኔው አባት ግን ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ቁስቋም ባለው ቤታችን ግቢ ውስጥ አዳልጦት ወድቆ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ ቆየ። አጥንቱ አልተሰበረም። መነሳት ብቻ አቃተው። የጎረቤቶቻችን ወሬ በአጥሩ በኩል ይሰማው ነበር፤ አፍሮ አልተጣራም። ከሥራ ስመለስ ነው ያገኘሁት።

ከዚያ ወዲህ እንቅስቃሴ እንጀምር ባልኩት ቁጥር «ጎረምሳ ነኝ እንዴ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ነገ ሌላ ከተማ፣ አይከል ሄጄ አዲስ ሥራ መጀመር አለብኝ። ትናንት እራት ላይ አንተን ትቼ አልሄድም አልኩት። ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ እንደገባ ጋቢውን አጣጥፎ አስቀመጠና ወንበር ጎትቶ ከፊቴ ቁጭ አለ።

«ለሰው የምታስተምሪውን አስተምሪኝ» አለ።

ከደብተር አንድ ወረቀት ገንጥዬ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ብዬ ጻፍኩ። አንገቱን አስግጎ አነበበው።

«ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ጉልበቱ ከየት ይመጣል?»

ሰረዝኩና ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ አደረግሁት። በመካከሉ ያሉት ቀናት እረፍት ናቸው፤ ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍም ነው። ከወንበር መነሳት፣ አምስት አምስት፣ ሦስት ዙር። ግድግዳ መግፋት፣ ስምንት ስምንት፣ ሁለት ዙር። በመጀመሪያው ሳምንት ከፍ እንዲልለት ወንበሩ ላይ ትራስ ይኖራል። በሁለተኛው ትራሱ ይነሳል። በሦስተኛው ግድግዳውን ትቶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይገፋል፤ ከመሬት መነሳትም ይጀምራል።

«አምስት ብቻ? አሥር አድርጊው።»

«አምስቱን አሳምረህ ስትሠራ ስድስት እጽፍልሃለሁ።»

እንደገና ተነሳ። አሁን እጁን ደረቱ ላይ አጣምሯል፤ ጉልበቶቹ ግን እርስ በርስ ሊነካኩ ደረሱ። ሲቀመጥም ዘፍ አለ።

«ጉልበትህ ወደ እግር ጣቶችህ አቅጣጫ ይሂድ። ተረከዝህ ከመሬት አይነሳ። ስትቀመጥ አትውደቅ፤ እስከ ሦስት እየቆጠርክ ውረድ። ትንፋሽህንም አትያዘው።»

«ይህ ሁሉ ለመቀመጥ ነው?»

አባቴ አራዳ በሚገኝ ጋራዥ ሠላሳ አምስት ዓመት መካኒክ ነበር። «ብሎን ተጣሞ የገባ እንደሆነ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«አወጣዋለሁ።»

«ምነው፣ አታጠብቀውም?»

«ባጠበቅሁት ቁጥር ጥርሱን ይበላዋላ።» ጉልበቶቹን ቁልቁል አያቸው። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረኝም።

አምስቱን ሠራ። አምስተኛው ላይ ጭኑ በሱሪው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር። ትንፋሹ እስኪረጋ ተቀመጠና ወለሉን አየ።

«አሁን ከመሬት መነሳቱን እንሞክር።»

«እሱ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው።»

«አንቺ የምትሄጂው ነገ ነው።»

«አልሄድም ብዬሃለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አለና ወንበሩን ይዞ፣ አንድ ጉልበቱን ቀጥሎ ሌላውን ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰሌን ላይ አሳርፎ፣ በመጨረሻ በጀርባው ተንጋለለ። ልክ እንደወደቀበት ቀን ወደ ላይ ወደ ላይ ያያል። ሳላስበው አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለኝ።

እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቅደም ተከተሉን ነገርኩት። በጎንህ ዙር። ክንድህን ተደገፍ። በእጅና በጉልበትህ ሁን። ወንበሩን ያዝ፤ አንድ እግርህን አስቀድም፤ ከዚያ ግፋ።

በጎኑ ዞረ። ክንዱን ሲደገፍ ክርኑ ከዳውና ጉንጩ ሰሌኑ ላይ አረፈ። እንደዚያው ቆየ። ጀርባው ከፍ ዝቅ ይላል። የማውቀውን ሁሉ ረስቼ ብብቱ ስር ገብቼ ላነሳው ጎንበስ ብዬ ነበር።

«ኤሌኒ» አለ ፊቱን ሳያነሳ። «ሌላ ሰው እንዲህ ሲሆን ታነሺዋለሽ?»

«አላነሳውም» አልኩ። «ጊዜ እሰጠዋለሁ።»

«ለኔም ስጪኝ።»

ቀና ብዬ ቆምኩ። ሰዓት አላየሁም። ክንዱን እንደገና ከስሩ አስገባ። ሁለተኛ እጁን ከፊቱ ተከለ። ቂጡን ከፍ አድርጎ በጉልበቶቹ ሆነና ወደ ወንበሩ ዳኸ። አባቴ ሲድህ አይቼው አላውቅም፤ ዓይኔን ግን አልመለስኩም። ግራ እግሩን አስቀደመ፤ ተረከዙ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪነካ ጠብቆ አስተካከለው። ከዚያ ትንፋሹን በአፉ እያወጣ ገፋ።

ቆመ። በሁለት እጁ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጧል፤ እግሮቹ ይርገፈገፋሉ።

«ማክሰኞ ማን አጠገብህ ይሆናል?» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

እሱ ግን ወዲያው ነው የገባው። «አብሮኝ ይሠራ የነበረውን ማሩን ከጋራዡ እጠራዋለሁ።»

«ከመሬት መነሳቱን ያለኔ አትሞክርም። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ሸጋ» አለ። «ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። ወረቀቱን ስሰጠው ቀና ብዬ አየሁት። የሰሌኑ ሽመና ግራ ጉንጩ ላይ መስመር በመስመር ታትሟል። አልነገርኩትም።