አራተኛው ቤት

ኮከብ ቆጣሪው አይያሳሚ የሙሽራውን የልደት ሰንጠረዥ በጣቱ ሲከተል ቆይቶ ቀና አለ።

«የተወለደበት ሰዓት ይኼ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?»

«ሊነጋጋ ሲል ነው... መሰለኝ» አለች ቪሳላክሺ። «ስንት ዘመን አለፈው እኮ!»

«ዝናቡ አባርቶ፣ የቤተ መቅደሱ ደወል ሳይደወል ነው» የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ።

የታናሽ እህቷ የቼላማል ድምፅ ነበር። ሁለቱም እህትማማቾች መበለቶች ናቸው። ቪሳላክሺ ባሏ ያወረሳት ቤትና የሩዝ ማሳ አላት፤ በከተማቸው በኩምባኮናም ስትናገር ይደመጣል። ቼላማል ግን ገና በልጅነቷ ባሏ ሞቶባት፣ የእህቷ ጥገኛ ሆና ምድጃ ሥር ያረጀች ሴት ናት። በሠርግም በበዓልም ፊት ለፊት አትወጣም።

የሚዳረው ልጅ ራጋቫን ነው፤ አስተማሪ። ቪሳላክሺ ብዙ ዓመት መሃን ተብላ ኖራ፣ ከእህቷ ጋር ለስለት ወደ ራመስዋራም ቤተ መቅደስ ሄዳ፣ እዚያው ከርማ፣ እሱን ታቅፋ ተመለሰች። አገሩ ሁሉ አምላክ ሰማት አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ አልወለደችም።

አይያሳሚ ሰዓቱን አስተካክሎ እንደገና አሰላ። ፊቱ ጠቆረ።

«ጨረቃ የእናት ኮከብ ናት። የሰንጠረዡ አራተኛው ቤት ደግሞ የእናት ቤት ነው። እዚህ ጨረቃ በገዛ ቤቷ ከሳተርን ጋር ታስራ ተቀምጣለች። ይህ ልጅ ባገባ ዓመት ሳይሞላው በእናቱ ሬሳ ላይ እሳት ይለኩሳል።»

«ሙሽራዋስ?» አለች ቪሳላክሺ።

«እሷም የእባብ ኮከብ ናት። የእባብ ኮከብ አማት ይበላል።»

«እኔን? እኔን ለመብላትማ ብዙ ጥርስ ያስፈልጋታል!» ብላ ሳቀች። ቡናዋን ግን ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

ማታ ራጋቫን ቁርጡን ተናገረ። የታጨችለትን ኮታይን ይወዳታል፤ ነገር ግን እናቱን ገድሎ ሚስት አያገባም። ቪሳላክሺ አንገቷን ደፋች። ደስ እንዳላት ያስታውቃል።

ያን ጊዜ ቼላማል ከወጥ ቤት ወጣች።

«አግባ» አለችው። «የወደድካትን አግባ። እናትህ ብትሞት ደግሞ ምን አለበት? ማን ቀሪ አለ?»

ራጋቫን ብድግ አለ። «አንቺማ ምን አለብሽ አክስቴ! ወልደሽ ብታዪ ኖሮ እንዲህ ያለ ቃል ካፍሽ አይወጣም ነበር።»

ቼላማል ገብታ የምድጃዋን አመድ መጥረግ ጀመረች። ከዚያች ምሽት በኋላ ጎረቤቱ «እህቷን ቀብራ ቤቱን ልትወርስ ነው» ብሎ አማት።

የሆነ ሆኖ የልጁ ልብ ወደ ኮታይ ሸፍቶ ነበርና በቃሉ አልጸናም፤ ሠርጉ ተደገሰ።

ኮታይ በገባች ማግስት ቤቱ ፍርሃት ወረሰው። ቪሳላክሺ ሙሽራዋ የነካችውን ውኃ አትጠጣም። ልጅቷ ሩዝ ብታቀርብላት ፊቷን ታዞራለች።

«እትዬ፣ ትንሽ ይቅመሱልኝ።»

«ከእህቴ እጅ በቀር አልበላም። አንቺ ራቅ በይልኝ፤ ጥላሽ አይረፍብኝ!»

ኮታይ ከውኃ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጣ ስታለቅስ ቼላማል አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ምንም። ኮከብ ጣት የለውም፤ ሰው ነው ጣቱን የሚቀስረው። በይ ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ባልሽ ሲመጣ እንዲህ ሆነሽ አያግኝሽ።»

ክረምቱ ሲገባ ከተማውን ተስቦ ጎበኘው፤ ቪሳላክሺም ተኛች። ሰውነቷ እንደ ፍም ነደደ፣ ትቃዥ ጀመር። ራጋቫን ሚስቱን ፊት ለፊቱ አቆማት።

«ይኸው! ደስ አለሽ? ዕቃሽን ሰብስቢና እናትሽ ዘንድ ሂጂ።»

«ራጋቫን፣ እኔ እኮ...»

«ሂጂ አልኩሽ!»

ልጅቷ በዝናብ ሄደች። ቼላማል ደጅ ድረስ ሸኝታት ተመለሰችና ከታማሚዋ ራስጌ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም። ታጥባታለች፣ ትገለብጣታለች፣ የሩዝ ውኃ በጠብታ ታጠጣታለች። ራጋቫን ጎረቤት ያማትን እያሰበ፣ የምትቀዳውን ሁሉ በዓይኑ ይከታተል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ቪሳላክሺ ላቧ ወጣ። ዓይኗን ገልጣ «ራበኝ» አለች።

በዚያው ሳምንት ቼላማል ወደቀች። እሷን የሚያስታምም ብዙ ሰው አልነበረም። ራጋቫን ከእናቱ አልጋ አይለይም፤ አልፎ አልፎ ብቻ በወጥ ቤቱ በር ብቅ ብሎ «እንዴት ነሽ አክስቴ?» ይላታል። እሷም «ደኅና ነኝ፤ አትቅረበኝ፣ ይጋባብሃል» ትለዋለች። ሲነጋ ሞታ ተገኘች።

አይያሳሚ ሊያስተዛዝን ሲመጣ ራጋቫን ደጅ ላይ ጠበቀው።

«የት አለ ሳተርንህ? እናቴ ይቻት፣ ተቀምጣ ሾርባ ትጠጣለች! በናንተ ቅዠት ሚስቴን እንደ ውሻ አባረርኳት።»

ኮከብ ቆጣሪው አንዴ ሬሳውን፣ አንዴ የራጋቫንን ፊት አየና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ካህኑ የሬሳውን ቃሬዛ አስሮ ጨረሰ። «ፀጉሩን ተላጭቶ እሳቱን የሚለኩስ ልጅ ነው፤ እሷ ግን ልጅ የላትም መሰለኝ። እሳቱን ማን ይለኩስላት?»

«ከቤተ መቅደሱ ደጅ አንዱን ድሃ ጥሩ» አለ ራጋቫን፣ ነጠላውን እያስተካከለ። «እኔ ሐዘን አልቀመጥም። ሚስቴን ዛሬውኑ ላመጣ ነው።»

ቪሳላክሺ ግድግዳውን እየተደገፈች ከመኝታዋ ወጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሞልቶት ነበር። እሷ ግን ልጁን ብቻ ነበር የምታየው።

«ማንም አይጠራ» አለች። «ፀጉርህን ተላጭ፣ ራጋቫን። እናትህ ናት።»