በሩን ማን ከፈተው?

መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሳሉትን ክብ በጠመኔ መታ መታ አድርገው፣ «ባክቴሪያ ሌባ ነው፤ የሰውን ሴል በጉልበት ሰብሮ ይገባል» አሉ።

«አይሰብርም» አልኩ ከመጨረሻው ወንበር።

የሕክምና ተማሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ስሜን ከጠየቁኝ የሁለት ዓመት ልፋቴ እዚያው ያበቃል። እኔ ግን ስህተት እየሰማሁ ምላሴ አይታሰርልኝም።

«ላዩ ላይ ፕሮቲን አለው። በዚያ ሲነካው ሴሉ የራሱ ወገን የመጣ ይመስለውና አቅፎ ያስገባዋል። ሌባውን ከመስደብዎ በፊት በሩን የከፈተውን ይጠይቁ።»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። የመምህሩ ፊት ደም መሰለ።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ? ነይ ወደዚህ! መታወቂያሽን አምጪ!»

ቀና ብዬ ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ።

«መታወቂያ የለኝም፣ ተማሪም አይደለሁም። እዚሁ ሆስፒታሉ ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው የምሠራው። ነጭ ጋዋን ለብሼ ስመጣ ግን ዘበኛው ‹እንደምን አደሩ ዶክተር› ብሎ በሩን ራሱ ይከፍትልኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሰብሬ አልገባሁም።»

«የማንን ጋዋን ነው የሰረቅሽው?» ብለው ጮኹ።

«እኔ እቴ! እጠቢው ተብሎ የተሰጠኝን ነው የለበስኩት። ማታ አጥቤ፣ ተኩሼ እመልሰዋለሁ። ከጠረጠሩኝ ቀረብ ብለው ያንብቡት።»

መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉና፣ ደረት ኪሱ ላይ በሰማያዊ ክር የተጠለፈውን ስም አነበቡ።

የራሳቸው ስም ነበር።